ከሰዓት የተነበበ ልብ ወለድ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ የተቀመጠውን መጽሐፍ አነሳችና፣ «ዘይኑ፣ ይሄ ልብ ወለድ እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ ወደድሽው?» አለችኝ።

«ከሰዓት ነው ጠዋት?» አልኳት።

ግራ ገባት። ሜትሩን አንገቴ ላይ ጥዬ ሳስቃት ነገሩን ረሳችው፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ያንን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ አንዴ ከሰዓት፣ አንዴ በማግስቱ ጠዋት። በመካከላቸው አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያለፈው፤ ግን ወላሂ፣ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ነበሩ። በአንደኛው የተነሳ ኑሮዬን ገደል ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ርዕሱን አልጠራላችሁም፤ ደራሲው በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው ለማስቀየም አቅሙም የለኝ።

የጭሮ ልጅ ነኝ፤ የድሮ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት። ያኔ ሠላሳዎቹን ጀምሬ ነበር። እናቴን «አዮ» ነው የምንላት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ዓመታት አልፈዋል። እህቶቼ አግብተው አንዷ ድሬዳዋ፣ አንዷ ሐረር ናቸው፤ ይደውሉና «አዮን ሳሚልን» ይሉኛል። እስማታለሁ። ከመሳም የተረፈውን ሥራም የምሠራው እኔው ነኝ፦ ማገላበጡን፣ ማጠቡን፣ ማጉረሱን፣ አንሶላውን። ከዚያ በተረፈችኝ ሰዓት በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የነበረብኝ ድካም ተኝተው የሚነሱበት ዓይነት አልነበረም። አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል።

ሁለት ወንዶች ነበሩ። ከማል የልጅነት ፍቅረኛዬ ነው። ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄደና እዚያው ቀረ። አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ይልክልኛል፦ «ዘይኑዬ፣ ጠብቂኝ፤ አንቺን ትቼ የት እደርሳለሁ?» ድምፁ ያው ድሮ የማውቀው ነው። እሱን በሰማሁ ቁጥር ለሁለት ወር እታደሳለሁ፤ ሦስተኛው ወር ላይ ተመልሼ እደክማለሁ።

ሁለተኛው ነጂብ ነው። ሚኤሶ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ይውላል። ሚስቱ ሞታበት ትንሽ ሴት ልጁን እናቱ ጭሮ ያሳድጉለታል፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አዮ የታመመች ቀን ባጃጁ ሰፈራችን ዳገት ላይ አልወጣም ብሎ ሲቆም፣ እስከ አስፋልቱ በጀርባው ያወረዳት እሱ ነው። በኋላም መቀመጫዋ አካባቢ ቁስል ሊጀምራት መሆኑን ከእናቱ ሰማና አንድ ነገር ይዞ መጣ። ባጃጅ ጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ በልኩ ነፍቶ፣ ዙሪያውን ለስላሳ ጨርቅ ጠምጥሞበታል። «ከወገቧ በታች አድርጊላት፤ አጥንቷ ፍራሹን እንዳይነካ» አለኝ፤ የሚነፋበትን ፓምፕም ትቶልኝ ሄደ። ቁስሉ ሳይብስ ዳነ። እንግዲህ የነጂብ ስጦታ ይሄ ነው። የሰው ወንድ ሽቶ ያመጣል!

አንድ ቀን ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ፣ «ሽማግሌ ብልክ ትመልሻቸዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዮን ትቼ እንደማልሄድ ነገርኩት። «ማን ትተሻት ሂጂ አለሽ? እኔ እመጣለሁ እንጂ» አለ። እሺ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሊመጡ ተቀጠረ።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው ሮብ ነው፤ ጁምዓ ሊደርስ ሲል።

እኛ ጋ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የበርጫ ነው። ወንዱም ሴቱም ከየመሰሉ ጋር ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ጓደኛዬ ሰሚራ ቤት የሴቶች በርጫ አለ፤ የጎረቤት ልጅ አዮ ዘንድ ተቀምጣልኝ እኔም በሳምንት አንዴ እሄዳለሁ። ሰሚራ ድምፅ ተሰጥቷታል። እኛ ቅጠሉን እየቀነጠስን እሷ ልብ ወለድ ታነብልናለች፤ ያን ቀን የያዘችው ያንን መጽሐፍ ነበር፤ ቀጭን ስለሆነ በአንድ በርጫ ያልቃል። የሰሚራ አማት አዴ ኩልሱም ጥግ ላይ ትራሳቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። የመጽሐፍ አማርኛ ስለሚከብዳቸው ሰሚራ እየቆመች በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች።

ታሪኩ የአዲስ አበባ ነው። ልጅቷ ውብ ናት። ፍቅረኛዋ ውጭ አገር ሄዷል፤ ተመልሼ እመጣለሁ ብሏታል። እሷ ትጠብቃለች። በመሃል አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይወዳታል፤ ደህና ሰው ነው፤ ቤተሰቧም «አግቢው» ይላታል። እሷ ግን ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ዝናብ እያየች ትጠብቃለች።

«ይቺ ልጅ ምሳዋን የምትበላው መቼ ነው?» አሉ አዴ ኩልሱም።

«አዴ፣ በአላህ! ፍቅር ላይ ናት» አለች ሰሚራ።

«ፍቅር ላይ ያለ ሰው አይበላም?»

ሳቅን። ሰሚራ ቀጠለች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን ምርቃናው ገባ። ለማያውቀው ልንገር፦ በምርቃና ሰዓት የማይቻል ነገር የለም። ፎቅ ይሠራል፣ ልጅ ተምሮ ዶክተር ይሆናል፣ የተጣላ ይታረቃል። የሰሚራ ድምፅ ማር ሆነ። ልጅቷ ሒሳብ ሠራተኛውን ፊት ለፊት፣ «ይቅርታ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ ልብ ደግሞ አይታዘዝም» ስትለው እኔ አለቀስኩ። ለራሴ ነበር ያለቀስኩት። ድካሜ ሁሉ አንድ ትርጉም ያገኘ መሰለኝ። ለካ እየጠበቅኩ ነው! ለካ ዝም ብዬ እየደከምኩ አይደለም!

መጨረሻው ላይ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተገናኙ። ሰሚራ መጽሐፉን ዘጋችው። እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ነጂብ ወዲያው አነሳ። «ወዬ፣ ዘይነብ። አዮ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ነጂብ... ሽማግሌዎቹ አይምጡ።»

ከኋላው መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማኛል።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ልብ ደግሞ አይታዘዝም።»

ያፈርኩት ዛሬ ነው፤ ያኔ ግን እንዴት ቆንጆ አድርጌ ተናገርኩ ብዬ ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ያ ላስቲክ እያደር አየር ይቀንሳል፤ እየነካሽ እይው።» ስልኩ ተዘጋ።

ተመልሼ ስገባ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ሰሚራ ዘላ አቀፈችኝ። «ጀግና!» አለች። ሌላዋም ሳመችኝ። አዴ ኩልሱም ብቻ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ሰሚራ ነገረቻቸው።

«አሁን ነው የደወለችለት? በበርጫ?» አሉ። «ማሎ፣ ልጄ! ነገ አይነጋም እንዴ?»

«አዴ ደግሞ!» አልናቸውና ሳቅን። መጽሐፉን ተውሼ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ሌሊቱን ደግሜ ላጣጥመው።

ሌሊቱን ግን አላነበብኩም። ምርቃናው ሲወርድ ሁሉም ነገር አብሮ ይወርዳል፤ የሠራኸው ፎቅ እላይህ ላይ ይፈርሳል። ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ ነጋ።

ጠዋት አዮን ላገላብጣት ስገባ ፊቷ ተጨማዶ አገኘሁት። «ወገቤ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ በግማሽ ነው የሚወጣው። ከሥሯ እጄን ስከት ላስቲኩ ሟሽሿል። አውጥቼ ፓምፑን ያዝኩ። ስነፋው፣ ስነፋው፣ ጉልበቴ አለቀ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና፣

«አዮ፣ ነጂብን መለስኩት» አልኳት።

በደህናው ዓይኗ አየችኝ። ከዚያ በደህናው እጇ የተነፋውን ላስቲክ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄንንስ? ትመልሺለታለሽ?» አለች።

ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ያን ያህል ስትታገል አይቻት አላውቅም። ላስቲኩን ከሥሯ አድርጌ፣ ገንፎዋን እያጎረስኳት፣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ገለጥኩት። ከልጅቷ ምክር ልፈልግ ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ ያንን ልብ ወለድ ጠዋት እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ። ልጅቷ እናት ነበረቻት። ከሰዓት በኋላ ይህን ጨርሶ አልሰማሁትም። እናትየው ታመው ይተኛሉ፤ ከዚያ «በዚያው ክረምት አረፉ» ይላል። አለቀ። ማን ያጥባቸው ነበር? ማን ያገላብጣቸው ነበር? ደራሲው የልጅቷን ጸጉር ሽታ ለመግለጽ ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ለአንድ አንሶላ አንድ መስመር አልሰጠም። ልጅቷ በዚያው ሰሞን ነጭ ቀሚስ ለብሳ ካፌ ተቀምጣለች። ነጭ! ሕመምተኛ ያለበት ቤት ነጭ የሚለብስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሒሳብ ሠራተኛውንም እንደገና አየሁት። ጫማው አቧራ ነው ይላል ደራሲው፣ እንድንስቅበት። ለምን አቧራ እንደሆነ ዞር ብዬ ብፈልግ፣ ለእናትየው መድኃኒት ፍለጋ በእግሩ ሲዞር ውሎ ነው። ደራሲው ራሱ ጽፎት ራሱ ረስቶታል። ያ ከውጭ የመጣው ደግሞ ስንት ዓመት ምን ሲሠራ ቆየ? አንድም ሰው አይጠይቀውም። እኔም ከማልን ጠይቄው አላውቅም።

ስልኬን አንስቼ ነጂብ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ሽማግሌዎቹን አሰናብቷል፤ ለእናቱም ነግሯል፤ ነገሩ አልቋል አልኩ።

ሰሚራን ጠርቼ አዮ ዘንድ ተቀመጪልኝ አልኳት። ዓይኗ አብጦ፣ እያዛጋች መጣች።

«ጠዋት በጠዋት ምን ሆነሻል?»

«ሚኤሶ ልወርድ ነው።»

«ለምን?»

«ነጂብ ጋ።»

«ትናንት አይደል እንዴ...»

«ትናንትማ ነው።»

ፊቷን አዞረች። «እኔም ሌሊቱን አልተኛሁም» አለች ዝቅ ብላ። «ጀግና ያልኩሽ ነገር ሲቆረቁረኝ አደረ። ሂጂ፣ ፍጠኚ፤ የተረፈውን ገንፎ እኔ አጎርሳታለሁ።»

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ልቤ አለቀች። ቁልቁለቱን ስንወርድ የጭሮ ብርድ ከኋላ ቀርቶ የቆላው ሙቀት በመስኮት ይገባል። በመንገዱ ዳርና ዳር ማሽላው ዝናብ አጥቶ ቆሟል። ምን እንደምለው አሰብኩ። እወድሃለሁ ልበለው? በመጽሐፉ መሠረት እኮ እሱን ሳስብ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ነበረበት። የኔ ጉልበት የሚንቀጠቀጠው አዮን ሳነሳ ነው። እወድሃለሁ ብዬ ብዋሽ ሌላ በርጫ ነው። እውነቱን ብነግረው ደግሞ ማን ሴት ደክሞኝ ነው ብላ ባል ትለምናለች?

ሚኤሶ ስደርስ ሱቁ በር ላይ አንድ ተሳቢ ቆሟል። ነጂብ ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ሾፌሩ ጥላ ፍለጋ ሄዷል። ከእግሩ አጠገብ ቆምኩ።

«ነጂብ።»

እግሩ ቀጥ አለ። ሲወጣ ፊቱ ጥቁር ቅባት ነው። አየኝና፣ «አዮ ምን ሆነች?» አለ በድንጋጤ።

«ደህና ናት። ላስቲኩን ነፋሁት።»

«አልሐምዱሊላህ።» እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ዓይኑንም ከኔ ላይ አነሳ። «እና፣ ዘይነብ፣ እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ?»

«ስልክህን ዘጋኸው።»

«አዎ።»

«ለሽማግሌዎቹ ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

ጨርቁን ጎማው ላይ ወረወረው። «ትናንት የደወልሽው በበርጫ ሰዓት ነው» አለ። «አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከሰዓት የተገዛ በሬ ጠዋት ይታያል ይሉ ነበር። እኛ አገር በበርጫ ስንት ነገር ይባላል፤ ጠዋት ካልተደገመ ግን ቃል አይባልም። ስለዚህ ስልኩን ዘጋሁት።»

«አልገባኝም።»

«እንዳትደግሚልኝ ነዋ!» አለ ጮክ ብሎ። «ጠዋት ደውለሽ ከደገምሽው አለቀ። እስከ ጁምዓ ዘግቼው ብቆይ... እንጃ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ታፍሪ ይሆናል አልኩ። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ በእግርሽ መጣሽልኝ። በይ እሺ፣ ጠዋት ነው። ንገሪኝና ልሥራበት።»

ያ ሁሉ ሰውነት፣ የከባድ መኪና ጎማ የሚያነሳ ክንድ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ ፍርዱን ይጠብቃል። እኔም የማውቀው ቆንጆ ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«አልዋሽህም» አልኩት። «እንደ መጽሐፍ አልወድህም። ሳስብህ ልቤ አይዘልም። እኔ ደክሞኛል፣ ነጂብ። ስታመም እንኳ የምተኛበት ቦታ የለኝም። የመጣሁት ግን ስለደከመኝ ብቻ አይደለም። ስደክም የምፈልገው አንተን ስለሆነ ነው። ትናንት ያልኩትን እንዳልተባለ ቁጠርልኝ።»

አስፋልቱ ላይ አንድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ነጂብ አቧራውን ከፊቱ በክንዱ ጠረገ።

«እኔም ደክሞኛል» አለ ነጂብ።

ከተሳቢው ጎማ አጠገብ አንድ የተገለበጠ ጄሪካን ነበር። በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገና፣ «ቁጭ በይ» አለኝ። «ይቺን ጎማ አስሬ አብረን እንወጣለን።» ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ። ቁጭ አልኩ። ሰው ሠርቶ እስኪጨርስ እጄን አጣጥፌ ስጠብቅ ከስንት ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ልተኛ ምንም አልቀረኝም።

እዚያው ጄሪካን ላይ ሆኜ ነው ስልኬን አውጥቼ የከማልን መልእክቶች ያየሁት። «ከሰዓት የተገዛ በሬ» ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄድኩ። «ዘይኑዬ ጠብቂኝ» የሚሉት በሙሉ ከቀትር በኋላ የተላኩ ናቸው። ጅቡቲ የሚቃመው ከኛው አገር ሄዶ ከቀትር በኋላ የሚደርሰው ጫት ነው። አንድም፣ አንድም እንኳ ጠዋት የተላከ የለም። ሰውየው እየዋሸኝ አልነበረም፤ ከሰዓት ከሰዓት ከልቡ ይወደኝ ነበር። ሲነጋ ይረሳኛል። አልተናደድኩበትም። «አልጠብቅህም፤ ይህን የምጽፍልህ ጠዋት ነው» ብዬ ላክሁለት። መልሱ ደርሶኛል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እያለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ጁምዓ መጡ። አዮ ሁለት ክረምት አብራን ኖረች፤ ገላዋ አንድ ቁስል ሳይነካው አረፈች፣ አላህ ይማራት። ያን ላስቲክ ለሰፈራችን ሌላ ሕመምተኛ ሰጠነው። ነጂብ አሁንም ይሠራል፤ ዘመናዊ ጎማ ውስጡ ላስቲክ የለውም እያለ ያማርራል። ልጁ እማ ትለኛለች። ድካም? አለ። የት ይሄዳል? አሁን ግን ለሁለት ይከፈላል።

ወገኖቼ፣ ልብ ወለድ አታንብቡ አላልኩም። እኔ ራሴ አነባለሁ፤ ሰሚራም አሁንም ታነብልናለች፤ ልቅሶው ሲደርስ አልቅሰንም እንነሳለን። ያ ደራሲም ችሎታ አልጎደለውም። የምለው፣ አንድን መጽሐፍ ወደድን ብላችሁ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቁርስ ሠርታችሁ፣ ሰው አጥባችሁ አንብቡት። ያኔም ካስለቀሳችሁ እውነትም መጽሐፍ ነው። ለዚያች ቀሚስ ለምትለካው ልጅም መጽሐፉን አዋስኳት፤ ጠዋት ጀምሪው ብያታለሁ፤ የምትሰማኝ አልመሰለኝም።

ነጂብ እወድሻለሁ ብሎሽ ያውቃል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብሎኛል። ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግዶ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ወደ ሚኤሶ ሊወርድ ጫማውን እያሰረ።